አሮጌ ሕንፃ፣ አዲስ ምግብ ቤት፦ ሊዙን ከመፈረምሽ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለዓመታት በሰው ምግብ ቤት ስሠራ ቆይቼ አሁን ከባለቤቴ ጋር የራሳችንን ልንከፍት ነው። ፌንተን ጎዳና አቅራቢያ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አገኘን። በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። ታችኛው ጫማ መሸጫ ነበር፣ ላይኛው ቢሮ። ታች ምግብ ቤት፣ ላይ ደግሞ ለክርስትና፣ ለማኅበርና ለልደት የሚከራይ አዳራሽ ልናደርገው አስበናል። አከራዩ ‹ሕንፃው ግራንድፋዘርድ ነው፣ አዲሱ የሕንፃ ኮድ አይመለከተውም፣ ቀለም ቀብታችሁ ግቡ› ይለናል። ያማከርነው አርክቴክት ደግሞ ‹ሁሉም ነገር በአዲሱ ኮድ መሠራት አለበት፤ ስፕሪንክለር (ከኮርኒስ ውኃ የሚረጭ እሳት ማጥፊያ)፣ ሁለተኛ መወጣጫ ደረጃ፣ አሳንሰር ሳይቀር› ብሎ አስደነገጠን። ኮንትራክተር የሆነው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ‹ቅዳሜና እሑድ ዝም ብለን እንሥራው፣ ማን ያያል› ይላል። አከራዩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈርሙ ብሎናል። የማንን እንስማ?»

ግራ የተጋባች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም እህቴ፤

ከሦስቱ አንዳቸውም ሙሉውን አልነገሩሽም። አከራዩ ቤቱን ማከራየት ይፈልጋል። የአክስት ልጅ ሥራውን ይፈልጋል። አርክቴክቱ አሁን በያዛችሁት ዕቅድ ከሄድን ብዙም አልተሳሳተም፤ ዕቅዱን ብትቀይሩት ግን የዘረዘረላችሁ ነገር አብዛኛው ይቀራል። ደብዳቤሽን ሳነብ ገንዘባችሁን የምትበላው ወጥ ቤቷ አይደለችም። ያቺ የላይኛዋ አዳራሽ ናት። ወደ እሷ እመጣለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሕጉ ትንሽ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ማደስ የሚያስመርር ነገር ነበር። በብዙ ቦታ የሚሠራው ደንብ የእድሳቱ ወጪ ከሕንፃው ዋጋ ግማሹን ካለፈ ሕንፃው በሙሉ እንደ አዲስ ይሠራ የሚል ነበር። ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ሳያድስ ይተወዋል፣ ወይ ያፈርሰዋል፣ ወይ እንደ አክስት ልጃችሁ ተደብቆ ይሠራል። ኒው ጀርሲ በ1998 ለነባር ሕንፃዎች ብቻ የተጻፈ ደንብ አወጣች። ያንቺው ሜሪላንድም ብዙ አልቆየችም፤ የራሷ የእድሳት ኮድ በ2001 ሥራ ላይ ዋለ። በ2003 ደግሞ «ኢንተርናሽናል ኤግዚስቲንግ ቢልዲንግ ኮድ» የሚባለው መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ወጣ። ስሙ ኢንተርናሽናል ይበል እንጂ የአሜሪካኖች ነው። የሜሪላንድ የእድሳት ኮድ ዛሬ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ አከራዩ «ሕግ የለም» ሲል፣ አርክቴክቱ «አዲሱ ሕግ ብቻ ነው ያለው» ሲል፣ ሁለቱም ይህን መጽሐፍ ዘለውታል።

መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ መንፈሱ ግን ቀላል ነው። የማትነኪው ነገር፣ አደገኛ እስካልሆነ ድረስ፣ እንዳለ ይቆያል። የምትነኪውን ከነበረበት የባሰ አታድርጊው። አዲስ የምታስገቢው ደግሞ በአዲሱ ሕግ ይሠራል።

ደረጃውን እንውሰድ። ቤቱን ልታይ ስትሄጂ ሜትር ይዘሽ ሂጂና አንዱን እርከን ለኪው። በእንዲህ ያለ ዘመን በተሠራ ሕንፃ ከፍታው 8 ኢንች፣ የእግር መርገጫው 9 ኢንች ቢሆን አይግረምሽ። የዛሬው ኮድ ከፍታው ከ7 ኢንች እንዳይበልጥ፣ መርገጫው ከ11 ኢንች እንዳያንስ ይላል። ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው 12 ፊት ቢሆን አሮጌው ደረጃ ወለል ላይ 13 ፊት እንኳ አይሞላም። በአዲሱ ልክ ሲሠራ ግን ከ18 ፊት በላይ ይፈልጋል። ጠባብ ሱቅ ውስጥ አምስት ፊት ማለት የአንድ ረድፍ ጠረጴዛ ቦታ ነው። የነባር ሕንፃዎች ኮድ ይህን ያውቃል። ደረጃውን ብትቀይሪው እንኳ ቦታው ካልፈቀደ በነበረው ዳገትነት መሥራት ይቻላል ይላል። የእጅ መደገፊያው ግን በደንቡ መሠራት አለበት። ቦታ የማይፈቅደውን አያስገድዱሽም፤ በእንጨትና በጥቂት ብሎን የሚስተካከለውን ግን አይተዉልሽም።

እንግዲህ ምን ያህል እንደሚጠየቅሽ የሚወስነው ሕንፃው ብቻ አይደለም። ቤቱን ለምን ልታውይው እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደምታስገቢና ምን ያህሉን እንደምታፈርሺ ነው። ከሦስቱ የሰው ቁጥሩ ለአንቺ ትልቁ ነው።

ኮዱ ሕንፃዎችን በአገልግሎት ይመድባል። ሱቅ በ«ኤም» ይመደባል፣ ቢሮ በ«ቢ»፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ደግሞ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስለሆነ በ«ኤ 2»። አሁን ጥሩውን ዜና ስሚ። የሚይዘው ሰው ከ50 በታች የሆነ ምግብ ቤት ከ«ኤ» ወጥቶ እንደ ቢሮ በ«ቢ» ይቆጠራል። ይህቺ አንዲት መስመር ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶችን አኑራለች።

ቁጥሩ በአንቺ ፍላጎት አይደለም የሚሰላው፤ በስፋት ነው። ጠረጴዛና ወንበር ያለበት ክፍል ለአንድ ሰው 15 ስኩዌር ፊት ይታሰብለታል። ወጥ ቤት 200። የመመገቢያ ክፍልሽ 20 በ30 ፊት ነው እንበል። 600 ስኩዌር ፊት ሆነ፣ ለ15 ሲካፈል 40 ሰው። ወጥ ቤቱ 400 ስኩዌር ፊት ቢሆን 2 ሰው ጨምሪ። 42 ሆነ። ከ50 በታች ነሽ። አንድ መውጫ ሊበቃሽ ይችላል፤ የውጭው በር ወደ ውስጥ ይከፈት የነበረ ቢሆን እንኳ ወደ ውጭ እንዲከፈት የሚያስገድደው ቁጥር ላይ አልደረስሽም። ኮዱ አገልግሎቶችን በአደጋ ደረጃም ያስቀምጣቸዋል። ከመውጫ መንገድ አንጻር ሱቅ ከ«ቢ» ይልቅ አደገኛ ተብሎ ነው የተመደበው። ስለዚህ ጫማ መሸጫውን ባለ 42 ሰው ምግብ ቤት ስታደርጊው በዚያ በኩል ወደ ቀለለው እየወረድሽ ነው፤ ኮዱም ለሚወርድ ሰው ይራራል።

ብቻ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ብቻ አትጫወቺበት። እኛ ሰዎች እንደሆንን እናውቃለን፤ አራት ወንበር ባለው ጠረጴዛ ስምንት ሆነን አንድ ትሪ እንከባለን። የእሳት ደህንነት ተቆጣጣሪው፣ ፋየር ማርሻሉ፣ ዓርብ ማታ ገብቶ የሚቆጥረው የተቀመጠውንም የቆመውንም ነው። ባር ላይ ተደርድሮ የሚቆም ሰው ከታሰበ ደግሞ ለአንድ ሰው 5 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው የሚታሰበው፤ 42 የነበረው ቁጥር በአንድ ጊዜ 50ን ያልፋል። የባርሽን ዲዛይን ከአርክቴክቱ ጋር ስትነጋገሪ ይህን አስቢ።

አሁን ወደ አዳራሿ።

ላይኛው ፎቅ 900 ስኩዌር ፊት ነው እንበል። ዛሬ ቢሮ ሆኖ ሲቆጠር ለአንድ ሰው 150 ስለሚታሰብ 6 ሰው ይይዛል። ጠረጴዛ ያለው አዳራሽ ስታደርጊው 60 ይሆናል። ጠረጴዛውን አንስተሽ ወንበር ብቻ ስትደረድሪ ደግሞ ለአንድ ሰው 7 ስኩዌር ፊት ነው፤ 128 ሰው። ከስድስት ወደ መቶ ሃያ ስምንት፣ በዚያች ባለ 8 ኢንች ጠባብ ደረጃ! አርክቴክትሽ የደነገጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ልክም ነው።

ጣጣው እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። የሚበላና የሚጠጣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት «ኤ 2» ቦታ በቀጥታ ወደ መንገድ ከሚወጣበት ወለል ውጭ ከሆነ፣ ላይም ይሁን ቤዝመንት፣ ስፕሪንክለር ያስፈልገዋል። ስፕሪንክለር ሲመጣ ከመንገድ የሚመጣው የውኃ መስመር ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ለጫማ መሸጫ የተዘረጋ ቀጭን መስመር ላይበቃ ይችላል። «ቁጥሩን 49 ብለን እንጻፈው» የሚልሽም ይኖራል። ላይ ፎቅ ይህ አያድንሽም። አንድ መውጫ ብቻ ባለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮዱ ለ«ቢ» የሚፈቅደው 29 ሰው ነው። ከዚያ ካለፈ ሁለተኛ ደረጃ ፍለጋ ነው፤ ጎንና ጎኑ ከጎረቤት ጋር በተጣበቀ ሕንፃ ሁለተኛ ደረጃ ማለት ከኋላ በኩል የብረት ደረጃ መስቀል፣ ያውም የኋላው መሬት የአከራዩ ከሆነ ነው።

ወለሉስ? ቢሮ የሚሠራው በአንድ ስኩዌር ፊት 50 ፓውንድ እንዲሸከም ነው። የመመገቢያና የስብሰባ አዳራሽ 100። እጥፍ ነው። በ1920ዎቹ የተዘረጋ የእንጨት አግዳሚ፣ መሐሉ ላይ ማን እንደቆረጠው በማይታወቅ የቧንቧ ቀዳዳ የተበሳሳ፣ 60 ሰው እስክስታ ሲመታበት ይቻል እንደሆነ የሚነግርሽ ስትራክቸራል ኢንጂነር ብቻ ነው። ኮዱ እዚህ ላይ የሚሰጠው ልስላሴ ትንሽ ነው፦ ጭነቱ የሚጨምረው ከ5 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ ያልፍሻል። እጥፍ ከሆነ አያልፍሽም።

ይህ ጭካኔ ከየት መጣ ካልሽ፣ ከሮድ አይላንድ ታሪክ ተማሪ። በፌብሩዋሪ 2003 ዌስት ዋርዊክ በምትባል ከተማ «ዘ ስቴሽን» የተባለ የምሽት ክበብ በእሳት ጋየ። መድረኩ ላይ የተተኮሰ የርችት ብልጭታ ድምፅ ለመቀነስ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለው። ስፕሪንክለር አልነበረም። ሰው ሁሉ የገባበትን ዋና በር ብቻ ፈለገ፣ በሩ ላይ ተጨናነቀ። 100 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ሮድ አይላንድ ለነባር ቤቶች የነበረውን የግራንድፋዘር ከለላ በሕግ አነሳችው፤ በብሔራዊ የእሳት ደንቦችም ውስጥ ከ100 በላይ ሰው የሚይዙ ነባር የጭፈራ ቤቶች ሳይቀሩ ስፕሪንክለር እንዲያስገቡ ተጻፈ። ስለዚህ ሙዚቃና ጭፈራ ያለበት አዳራሽ ስትይ ባለሥልጣኑ ፊቱ ቢከብድ አትፍረጂበት።

ምክሬ፦ አዳራሿን ተዪያት። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ላይኛው ፎቅ ቢሮ ሆኖ ይቀጥል፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ወይም ለትራንስፖርት ድርጅት አከራዪው፣ ወይ ከነጭራሹ አትከራዪው፣ ታችኛውን ብቻ ውሰጂ። ይህን ስታደርጊ ሌላም ነገር ይቀልልሻል። ኮዱ የእድሳት ሥራን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። አንደኛው፣ ያለውን በተመሳሳይ መተካት ነው፦ ወለል፣ ኮርኒስ፣ መብራት። ሁለተኛው ግድግዳ ማንሳት፣ በር መክፈት፣ መስመር ማራዘም። ሦስተኛው የምትነካኪው ቦታ ከጠቅላላ የሕንፃው ስፋት 50 በመቶ ሲበልጥ የሚመጣው ነው፤ ያኔ ሥራ ከያዝሽበት ቦታ ውጭ ያለውም ሕንፃ ይጠየቃል። ሁለቱ ፎቆች እኩል ከሆኑና ታችኛውን ብቻ ካደስሽ ከግማሽ አላለፍሽም። ሥራውን ሆን ብለሽ ቆራርጠሽ «ይኼኛው የዘንድሮ፣ ያኛው የከርሞ» ብትይ ግን ይነቁብሻል።

አሳንሰሩን እርሺው። የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከሦስት ፎቅ በታች ለሆነ ወይም በፎቅ ከ3,000 ስኩዌር ፊት በታች ለሆነ ሕንፃ አሳንሰር አያስገድድም። የገበያ ማዕከል፣ ሐኪም ቤትና የመሳሰለው የተለየ ነው፤ ያንቺ ከዚያ አይገባም።

ይህ የ1990 ሕግ ግን የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው ካውንቲው ሊምርሽ የሚችለው ነገር አይደለም፤ የፌዴራል ስለሆነ ከኮዱ ጎን ለጎን ራሱን ችሎ ይሄዳል። ምግብ ቤቱን ስታድሺ ከመንገድ እስከ ምግቡ ድረስ ያለው መንገድ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መከፈት አለበት። እሱም ልክ አለው። ለመንገዱ ከእድሳቱ ዋጋ 20 በመቶ በላይ እንድታወጪ አያስገድድሽም። እድሳቱ 150,000 ዶላር ከሆነ እስከ 30,000 ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መጀመሪያ መግቢያው፣ ከዚያ ወደ መመገቢያው የሚወስደው መተላለፊያ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ ይቀድማል።

የድሮ ጫማ መሸጫዎች አንድ ደግ ነገር አላቸው። በሩ በሁለት መስኮቶች መሐል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተሠራው፣ ዕቃ በሁለት በኩል እንዲታይ። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ በሩ ፊት ያለችውን አንድ እርከን እዚያው መሐል ባለው ቦታ ወደ ዘንበል ያለ መግቢያ መቀየር ይቻላል። ለ1 ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት ነው የሚፈለገው፤ እርከኑ 6 ኢንች ከሆነ 6 ፊት ይበቃሻል። የእግረኛውን መንገድ ሳትነኪ ጨረስሽ ማለት ነው። ገቢያቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ወይም ከ30 የማይበልጡ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ለእንዲህ ያለው ወጪ የታክስ ክሬዲት አላቸው፦ ከ250 ዶላር በላይ እስከ 10,250 ያወጡትን ግማሽ። ትልቁ 5,000 ዶላር ነው። የታክስ ሠራተኛሽን ፎርም 8826 ብለሽ ጠይቂው፤ ብዙ የኛ ሰው ሳይጠቀምበት ያልፋል።

አሁን ምንም ልስላሴ የማትጠብቂበት ቦታ፦ ወጥ ቤት። ጫማ መሸጫ ወጥ ቤት ስላልነበረው የምታስገቢው ሁሉ አዲስ ነው። ጥብስ የሚጠበስበት ምድጃ ላይ የቅባት ጭስ መሳቢያ ሁድ፣ ከነእሳት ማጥፊያው። የጭሱ ቱቦ ከእንጨት ቢያንስ 18 ኢንች መራቅ አለበት፤ ወይም እሳት በሚቋቋም ግድግዳ መሸፈን። ያ ቱቦ ላይኛውን ፎቅ ሰንጥቆ ጣሪያ ላይ ነው የሚወጣው። የትኛው ጥግ ይለፍ? የላይኛው ቢሮ ስንት ስኩዌር ፊት ያጣል? ማራገቢያው የሚቀመጥበት ጣሪያ ይችለዋል? አርክቴክቱ ከቀለምና ከወንበር በፊት ይህን ይሳልልሽ። በኔ እምነት አሮጌ ሕንፃ ለምግብ ቤት ይሆናል አይሆንም የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ይህ ቱቦ ነው።

ቧንቧና ጋዝ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቃዱ የሚወጣው ከካውንቲው አይደለም፣ ከደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ነው፤ የውኃው ድርጅት። የቅባት መያዣውን፣ ግሪስ ትራፕ የሚሉትን፣ መጠን የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው የካውንቲውን ፐርሚት ይዞ «ጨረስኩ» ካለ በኋላ ነው ይህን የሚሰማው።

ምጣዱም አለ። የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለንግድ ወጥ ቤት የተመሰከረለት ካልሆነ የጤና መርማሪው ላይቀበለው ይችላል። ከመግዛትሽ በፊት የዕቃውን ወረቀት አሳዪው። አራት ምጣድ፣ ፍሪጅና ማራገቢያ በአንድ ጊዜ ሲበራ የጫማ መሸጫው የኤሌክትሪክ መስመር ይበቃ እንደሆነ ኤሌክትሪሺያን ይይ። ቡናውን በከሰል የማፍላት ሐሳብ ካለሽ ደግሞ ከወዲሁ ንገሪያቸው፤ ከሰል የራሱን የተለየ መሳቢያ ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ብታፈዪው ይሻልሻል። ጭሱን እጣን ይሙላው፣ እሱንም ከጭስ ጠቋሚው ራቅ አድርገሽ።

አከራዩን በተመለከተ። «ግራንድፋዘርድ» ያለው ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ሕንፃው በሕግ እንደተያዘ ጫማ መሸጫና ቢሮ ሆኖ የመቀጠል መብት አለው። መብቱ ግን የጫማ መሸጫው ነው፤ ምግብ ቤት ስታደርጊው አብሮሽ አይመጣም። አንድ ነገር ጠይቂው፦ የ«ዩዝ ኤንድ ኦኪዩፓንሲ» ሰርተፊኬቱን ይስጥሽ። ሕንፃው በምን አገልግሎት እንደተመዘገበ የሚናገረው ወረቀት ያ ነው። የለኝም ካለ ከካውንቲው የፈቃድ መሥሪያ ቤት ጠይቂ። ሕንፃው በታሪካዊነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ለእሱ የተለየ ምዕራፍ አለ፣ የበለጠ የሚለሰልስ። ለታሪካዊ ሕንፃ የሚሰጠው የ20 በመቶ የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ግን ለአንቺ አይሆንም፤ ተከራይ እንዲያገኘው ሊዙ ቢያንስ 39 ዓመት ሊቀረው ይገባል።

የአክስት ልጅን አትቀየሙት፤ ብዙ ቤት በዚያ መንገድ ተሠርቷል። ለምግብ ቤት ግን አይሆንም። መኖሪያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ብታፈርሺ ማንም ላያውቅ ይችላል። ምግብ ቤት ግን የግድ በር ከፍቶ መርማሪ ማስገባት አለበት። ያለ ፐርሚት የተሸፈነ ግድግዳ ክፈቱ ይባላል። በ1920ዎቹ ሕንፃ ኮርኒስ ሲነቀል አስቤስቶስ ሊገኝ ይችላል፣ ሳይመረመር ማፍረስ ራሱ ሕግ መጣስ ነው። አንድ ነገር ተቃጥሎ ኢንሹራንስ ቢጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚሉት «ፐርሚቱን አሳዩን» ነው። ላይሰንስ ካለው በፐርሚት ይሥራላችሁ። ከሌለው ቀለሙን ይቀባ።

አርክቴክቱን አታባርሪው፣ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «በነባር ሕንፃዎች ኮድ በየትኛው መንገድ ነው ያሰላኸው?» ኮዱ ሦስት መንገድ ይሰጣል። አንዱ አንቀጽ በአንቀጽ የሚከተል ነው። ሁለተኛው አሁን የነገርኩሽ፣ በሥራው መጠን የሚሄደው። ሦስተኛው ነጥብ የሚሰጥ ነው፦ ሕንፃው በአንዱ ቢጎድል በሌላው ይካሳል፣ ለምሳሌ ደረጃው ቢጠብ ማንቂያው ቢጠናከር፣ ድምሩ ካለፈ ያልፋል። ዲዛይነሩ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ከየመንገዱ የሚጣፍጠውን መልቀም አይፈቀድም። ጥያቄው ላይ ከተንተባተበ ወይም «ሁሉም ያው ነው» ካለሽ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ አሮጌ ሕንፃ የሚያውቅ ፈልጊ።

ከዚያ ሁሉን ከመሳላችሁ በፊት ከካውንቲው ጋር አብራችሁ ተነጋገሩ። ይዛችሁ የምትሄዱት የወለሉን ንድፍ፣ የሰው ቁጥር ስሌቱን፣ የደረጃውንና የመግቢያውን ፎቶ ነው። «ምን እናድርግ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲያ ስትሉ መልሱ ሁሉንም ነው። «ይኼኛው በዚህ ምክንያት አይቻልም፣ በምትኩ ይህን እናደርጋለን፣ ደህንነቱ አይቀንስም» በሉ። ኃላፊው በተግባር የሚያስቸግር ነገር ሲቀርብለት ማሻሻያ የመፍቀድ ሥልጣን በኮዱ ተሰጥቶታል። የፈቀደውን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» ያለሽ ሰው በሦስተኛው ወር ምርመራ ላይ ላይኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ሊዙ ከመፈረሙ በፊት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ሁለት ሳምንት የአከራዩ ቀጠሮ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ቤቱን ከወደዳችሁት ለመፈረም ፈቃደኛ መሆናችሁን ንገሩት፣ ነገር ግን በጠበቃ የተጻፈ አንቀጽ ይግባበት፦ የምግብ ቤት ፐርሚት እስከዚህ ቀን ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ማስያዣውም ይመለሳል። ኪራዩ የሚጀምረው ፐርሚቱ ከወጣ በኋላ ይሁን። የመግቢያው እርከን፣ የጣሪያው ጥገና፣ የውኃና የኤሌክትሪክ ዋና መስመር የማን ወጪ እንደሆነ በስም ይጻፍ። እነዚህ ሊዙ ሲያልቅ ከሕንፃው ጋር የሚቀሩ ነገሮች ናቸው፤ አከራዩ ቢያንስ ከፊሉን እንዲሸከም ወይም በነፃ ኪራይ ወራት እንዲያካክስ መጠየቅ ነውር የለውም። አሮጌ ሕንፃ የያዘ አከራይ ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው አይመስለኝም። ሕንፃው ግራንድፋዘርድ ነው ብሎ የሚያምን ከሆነም አንቀጹን ለመፈረም ምንም አይከብደውም።

ከካውንቲው ስትመለሺ ያሉሽን ጽፈሽ ላኪልኝ። በተለይ የጭሱን ቱቦ በየት በኩል እንዳሳለፋችሁት ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ሌሎችም ጽፈውልኛል።